አደራ፣ ማሽኑን እንዳታጠፉት

ጥበቃ የሌለው መሥሪያ ቤት ይኖራል። ሥራ አስኪያጅ የሌለውም ይኖራል፤ ፈልጎ ላየ ሰው ሥራ የሌለው መሥሪያ ቤትም አይጠፋም። «ለጊዜው» የሌለው መሥሪያ ቤት ግን በዓለም ላይ የለም። «ለጊዜው» ማለት የተሰበረውን ሁሉ የሚያስነሣ፣ የተነሣውን ግን ጠግኖ የማይጨርስ ሰው ነው። የበሩ እጀታ ሲወልቅ በሽቦ ያስረዋል። የወንበሩ እግር ሲያጥር ካርቶን አጥፎ ከሥሩ ይወሽቃል። ከዚያ ራቅ ብሎ ሥራውን በዓይኑ ይለካና እጁን በሱሪው እየጠረገ «ለጊዜው እንዲህ ይሁን» ይላል። ሽቦው ዝጎ በሌላ ሽቦ ይተካል፣ ካርቶኑ ተረግጦ በሌላ ካርቶን ይተካል፣ ጊዜው ግን አያልቅም።

ለአንድ የብረታ ብረት መጋዘን የደረሰው ደግሞ ተራ ለጊዜው አይደለም፤ የለጊዜዎች ሁሉ አለቃ ነው። ሰውዬው በቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ናቸው። በግቢው ውስጥ ግን ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ ጫኝና አውራጁ ድረስ ክቡር አቶ ለጊዜው ነው የሚሏቸው፤ ዞር ሲሉ ማለት ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ናቸው። አጠር፣ ሞላ ያሉ ሰው ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ እጅ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ኪሳቸው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቁርጥራጭ ሽቦ ስለሚንኳኳ ገና ሳይታዩ መምጣታቸው ይሰማል።

ክቡርነታቸውን ከማንም በላይ የምታውቃቸው የሚዛን ክፍሉ ኃላፊ ናት። ይህች ሴት እንደ ሥራዋ ናት፤ «ገደማ» የሚባል ቃል ስትሰማ ትቆጣለች። ቢሮዋ በሩ አጠገብ ያለች የመስታወት ክፍል ናት። በአንዱ መስኮት ፌሮ የጫኑ መኪናዎች የሚቆሙበትን የምድር ሚዛን ታያለች፤ በሌላው መስኮት ሚስማር፣ ሽቦና ማጠፊያ በችርቻሮ የሚመዘንበትን የባንኮኒ ሚዛን ታያለች። የሁለቱም ሚዛን ኬብል እየተሳበ መጥቶ አንድ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ይሰካል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ሊኑክሱን የጫኑት እሳቸው ናቸው፤ «ቫይረስ አይደፍረውም» ብለው። እውነታቸውን ነው፣ ቫይረስ አልደፈረውም። የደፈረው መብራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ማሽን ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ጀርባው ላይ ለተሰኩት ዕቃዎች እንደ አዲስ ስም ያወጣል። ቀድሞ የደረሰውን ሚዛን «ዜሮ»፣ ተከትሎ የደረሰውን «አንድ» ይለዋል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ደግሞ የዕለቱ ዕድል ነው፤ ትናንት ዜሮ የነበረው ዛሬ አንድ ሆኖ ያድራል። የመመዘኛው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው «ትልቁ» እና «ትንሹ» የሚሉ ሁለት ስሞችን ብቻ ነው። እነዚህን ስሞች ከትክክለኛው ሚዛን ጋር የሚያያይዝ ሊንክ በእጅ መጻፍ የክቡርነታቸው ሥራ ነበር። ሊንኩ ሲጻፍ ሸጋ ሆኖ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ግን ማሽኑ ትልቁንም ትንሹንም ጠራርጎ ይረሳና እንደ ተወለደበት ቀን ንጹሕ ሆኖ ይነሣል።

ሊንኩን ከመጻፋቸው በፊት የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ለዚህ ያላቸው መሣሪያ አንድ ነው፤ ራሳቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ባንኮኒ ሚዛኑ ላይ ይወጡና «የማን ቁጥር ነው የተንቀሳቀሰው?» ብለው ይጮኻሉ። በዚህ የተነሣ የሰውዬውን ክብደት የማያውቅ የመጋዘኑ ሠራተኛ የለም። ባለቤታቸው እንኳ ባላቸው ከስተው እንደሆነ የሚጠይቁት ኃላፊዋን ነው።

አንድ ቀን መብራት የሄደው ክቡርነታቸው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ባሉበት ሰዓት ነው። ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ተነሣ፣ ሁለቱ ሚዛኖችም እርስ በርስ ተለዋወጡ። የምድር ሚዛኑ ላይ ፌሮ እስከ አፉ የጫነ መኪና ቆሟል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የአንድ ከረጢት ሚስማር ክብደት ነው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አየና፣ «እህት ዓለም፣ ይኸን ያህል ከሆነማ መኪናውን ምን አደከምኩት፣ በትከሻዬ ይዤው እሄድ ነበር» አላት። በወዲያኛው በኩል ከረጢቱን ያስመዘነው አናጢ በድንጋጤ እጁን ከሚዛኑ ላይ አንሥቷል። «ኧረ እኔ አንድ በር ነው የምሠራው! ይኸን ሁሉ ሚስማር መትቼ የምጨርሰው በየትኛው ዕድሜዬ ነው?»

ተደወለላቸው። ጉንጫቸው አብጦ፣ ምላሳቸው ደንዝዞ፣ እየሮጡ መጡ። ሚዛኑ ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ጻፉ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ራቅ ብለው እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ያንን ቃል ሊናገሩ ሞከሩ። አፋቸው እምቢ አላቸው። ደግመው ሞከሩ፣ የወጣው ምራቅ ብቻ ነው። ኃላፊዋ አዘነችና፣ «ለጊዜው እንዲህ ይሁን» ብላ ጨረሰችላቸው። እሳቸውም እፎይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌላ ጊዜ ከፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ተነሥተው፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ ጎፍሮ መጥተዋል። ሆስፒታል ተኝተው ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው እያለ በስልክ ሊያዙ ሞክረው ነርሷ ስልኩን ቀምታቸዋለች። ሰው ግን ሁልጊዜ መሮጥ አይችልምና ኮምፒውተሩ ላይ ወረቀት ለጠፉበት፦ «አደራ፣ ማሽኑን እንዳታጠፉት!» ፊርማም አለው። መብራት ኃይል ወረቀቱን አላነበበም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ ልጃቸው እስክታረግዝ ድረስ። ክቡርነታቸው አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለቻቸው፤ እሷም አግብታ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው። በሠርጓ ቀን መብራት ሄዶ አባትየው ፎቶ ሳይነሡ ወደ መጋዘኑ በረዋል። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፣ «አባዬ ካልመጣ» ብላለች። እናትየው ትኬት ቆርጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ግን የፈቃድ ነገር ሲነሣ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያም አምፖሉን አየ፣ «ያለ እሳቸው መብራት ቢሄድስ?» አለ። ፈቃዱም ሳይፈረም ቀረ።

አውቶቡሱ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ባለቤታቸው መጋዘኑ ድረስ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌዎቹ አሁንም ደረታቸው ላይ ተሰክተዋል። ባላቸውን አልፈለጉም። በቀጥታ ሚዛን ክፍል ገብተው ኃላፊዋ ፊት ተቀመጡ።

«ባሌን ስጪኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ መች ያዝኳቸው?»

«አንቺ ባትይዢው ይኼ ቆርቆሮ ይዞታል። ቤቴን አይተሽዋል? ቧንቧዬ በላስቲክ የታሰረ፣ መስኮቴ በገመድ የታሰረ። አንዳንዴማ እኔንም ያገባኝ ለጊዜው ይሆን እላለሁ። ይኸን ሁሉ ችያለሁ። ልጄ አምጣ ስትወልድ ግን አባቷ ሚዛን ላይ ቆሞ አይገኝም። እሱ ከቀረ እኔ ብቻዬን ሄጄ እዚያው ነው የምቀረው። ንገሪው።»

ይህን ብለው ወጡ። ኃላፊዋ የሰውን ቤት ጉዳይ መመዘን ሥራዋ አይደለም። ቢሆንም ያን ቀን ገባችበት። ክቡርነታቸውን አስጠርታ በሩን ዘጋች፤ እጀታው ሽቦ ስለሆነ ትንሽ ታገላት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይኸ ነገር ቋሚ መፍትሔ የለውም?»

«አለው» አሉ እሳቸው።

«አለው?»

«አንድ ፋይል ነው። ሁለት መስመር ይጻፍበታል። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ራሱ እያነበበ ‹ይኸ ትልቁ፣ ይኸ ትንሹ› ይላል። በቃ።»

ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ያበጠ ጉንጭና ያ ግማሽ ፀጉር በኃላፊዋ ዓይን ላይ መጣ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ያዘዎት?»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ናስትሮውን በጣታቸው አሹ። «እቴ፣ እኔ በእጄ ሳስረው አይቼ ነው የማስረው። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ፣ ቁጥሩን አረጋግጬ። ብሳሳት እንኳ ስህተቴ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ፋይል ላይ የጻፍኩት ስህተት ግን በየጠዋቱ ከማሽኑ ጋር ነው የሚነሣው። ሁሉም ‹ራሱ ያውቃል› ብሎ ይተወዋል፣ የሚያየው ሰው የለም። ቋሚ ነገር ያስፈራኛል።»

 ሰውዬው ለኃላፊዋ ሰነፍ መስለዋት ኖረዋል፤ ለካ ፈሪ ናቸው፣ የፍርሃታቸውም ምክንያት ከንቱ አይደለም። ቢሆንም አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው።

«አብረን እናየዋለን። እኔ አለሁ አይደል?» አለቻቸው።

ተቀመጡና ጻፉ። ማሽኑ ሚዛኖቹን የሚለይበት ምልክት ይፈልጋልና፣ ኬብሎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ማገናኛዎች ውስጥ የተቀመጠውን የፋብሪካ መለያ ሰጡት። ኬብሎቹን ነቅለው መልሰው ሰኩ። ክቡርነታቸው ባንኮኒ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ትንሹ የክቡርነታቸውን ክብደት አሳየ። ትልቁም የክቡርነታቸውን ክብደት አሳየ። በመስኮት ሲታይ የምድር ሚዛኑ ባዶውን ነው፤ አንዲት ድመት ብቻ ፀሐይ ትሞቅበታለች።

«ይኸውልሽ!» አሉ ከሚዛኑ ላይ ሆነው፣ እንደ ረታ ሰው። «ያልኩሽ ይኸ አይደል? ቋሚ ስህተት!» ወዲያው ግን ነገ ጠዋት ትዝ አላቸው መሰለኝ ፊታቸው ወደቀ። ቀስ ብለው ወረዱ።

ማገናኛዎቹ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ፣ የየራሳቸው ቁጥር የሌላቸው ርካሽ መንታዎች ናቸው። ማሽኑ አንዱን ከሌላው ሊለይ አልቻለም፤ ስለዚህ ሁለቱም ስሞች አንዱ ሚዛን ላይ ተደራርበው ወደቁ። ክቡርነታቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው የኮምፒውተሩን ጀርባ ሲያዩ ቆዩ። ኃላፊዋ ጸሎት የያዙ መሰላት።

«ቀዳዳው» አሉ በመጨረሻ። «መንታም ቢሆኑ በአንድ በር አልገቡም። ማሽኑ የትኛው በየት ቀዳዳ እንደገባ ያውቃል። በላይኛው የገባ ትልቁ፣ በታችኛው የገባ ትንሹ እንበለው።» ብድግ ሊሉ ሲሉ ደግሞ ሌላ ስጋት ያዛቸው። «ጽዳቷ አቧራ ስትጠርግ ኬብሎቹን ነቅላ አለዋውጣ ብትሰካቸውስ?»

ኃላፊዋ ቦርሳዋን ከፈተች። ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና የላይኛውን ቀዳዳ ዙሪያውን፣ ከዚያም የምድር ሚዛኑን ኬብል ጫፍ ቀባች። ታችኛውን እንዳለ ተወችው። ቀይ ከቀይ ጋር፤ ሕፃን እንኳ አይሳሳትም።

«ይለቃል?» አሉ ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው እያዩ።

«በአሴቶን ካልተፋቀ አይለቅም።»

«አይለቅም» አሉ፣ ቃሉን እንደ ቀመሰ ሰው።

ሁለቱን መስመሮች አስተካክለው ጻፉ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ማጥፋት። ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጥቶ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆመ። የምድር ሚዛኑ ላይ ፌሮ የጫነ መኪና ወጣ፣ ባንኮኒው ላይ አንድ ከረጢት ሚስማር ተቀመጠ። ክቡርነታቸው ጣታቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱና እዚያው ላይ ቆሙ። ይህን ማሽን መብራት አጥፍቶታል፣ ጽዳቷ አጥፍታዋለች፣ አንድ ጊዜ አይጥም አጥፍታዋለች፤ እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው አጥፍተውት አያውቁም። 

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ እኔ አጠፋዋለሁ» አለችና ተጫነችው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ ጽሑፎች ወረዱ፣ የሁለቱ ሚዛኖች መስኮቶች ስክሪኑ ላይ ተከፈቱ። ክቡርነታቸው በልማዳቸው ወደ ሚዛኑ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሡ ኃላፊዋ ክንዳቸውን ያዘች። ትልቁ የመኪናውን አሳየ። ትንሹ የሚስማሩን አሳየ።

«ዕድል ሊሆን ይችላል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የማይጠፋው ሰው ነው። ደግመው አጠፉት። ደግመው አስነሡት። በመጨረሻ ክቡርነታቸው የማሽኑን የስም ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ከፍተው ሲያዩ ዜሮና አንድ በመካከሉ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ትልቁና ትንሹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሥራ አስኪያጁ ፈቃዱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈረመ።

ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏቸዋል። ግን አልወጡም። ካቻቢቴያቸውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወሩ። ኬብሎቹን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ «እንግዲህ... መብራት ከሄደ ትደውይልኛለሽ?» አሏት።

«ለምን ብዬ ጋሼ? ተገላገሉ እኮ!» አለች እሷ፣ እየሳቀች።

«ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ብለው ወጡ። የኪሳቸው ኮሽታ በግቢው እየራቀ ሄደ። «ከእንግዲህ አያስፈልጉንም» ያለቻቸው ያህል መሆኑ ኃላፊዋን የገባት ኮሽታው ከጠፋ በኋላ ነው።

ክቡርነታቸው ከሄዱ በኋላ መብራት ሥራውን አላቋረጠም። አንድ ከሰዓት ጥፍት አለ፣ ቆይቶ መጣ። ኃላፊዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ ጠበቀች። ማሽኑ ተነሣ። መኪናው መኪና መዘነ፣ ሚስማሩ ሚስማር መዘነ። ሹፌሩ ያለ አንዳች ጨዋታ ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። ሚዛን ላይ የወጣ ሰው የለም፣ የጮኸ የለም፣ ጉንጩ አብጦ እየሮጠ የመጣ የለም። ክፍሉ እሷ ሁልጊዜ ስትመኘው የኖረችውን ያህል ጸጥ ብሏል። አንድ መኪና መዘነች፣ ሁለተኛ መዘነች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ደወለች።

ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሣ። «የትኛው ነው የተገለበጠው?» አሉ ክቡርነታቸው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምንም አልተገለበጠም ጋሼ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ሁሉም በቦታው ነው።»

 ከኋላቸው የአራስ ልጅ ልቅሶ ይሰማል።

«ታዲያ ለምን ደወልሽ?»

ኃላፊዋ ለሪፖርት ነው ልትል አሰበች። ከዚያ፣ «ጠፉብኛ ጋሼ። ዝም ብዬ ድምፅዎን ልሰማ ነው» አለች።

«ያዢ... ያዢ፣ እንዳትዘጊው» አሉ። ስልኩን ከአፋቸው አራቁት መሰለኝ ድምፃቸው ሸሸ። «ከሥራ ነው የደወሉት» ሲሉ ሰማች፤ ባለቤታቸውም ከወዲያ ክፍል «ደግሞ ምን ተበላሸ ሊሉ ነው?» ሲሉ ሰማች።

«ምንም!» አሉ ክቡርነታቸው፣ ሕፃኗን ከልቅሶዋ ጸጥ ባሰኘ ድምፅ። «ምንም አልተበላሸም! ዝም ብለው ነው የደወሉልኝ!»